ጉዳዩ፦ ልጄን ስለመጠየቅ

መስታወት ቆራጩ መዳፉን የሰነጠቀ ዕለት መጀመሪያ የሰማው ሳቅ ነው። «ኧረ ተቆረጥኩ!» ብሎ ቢጮህ ፍሬም ሠሪው ባልደረባው ከት ብሎ ሳቀ። የመስኮቷን ልክ ይዛ የመጣች ደንበኛም አብራ ሳቀች። ደሙ ከጠረጴዛው ጫፍ ወለሉ ላይ መንጠብጠብ ሲጀምር ነው ፍሬም ሠሪው «ውይ፣ የእውነትህን ነው እንዴ?» ያለው። ሴትዮዋማ ደሙንም አይታ ቀጣዩን ቀልድ እየጠበቀች ትንሽ ቆመች። አይፈረድባትም፤ እሱ ባለበት ቦታ ጥርስ መክደን ያልተለመደ ነገር ነው።

በሰፈርም በሥራም የሚጠራው «ጨዋታ» ተብሎ ነው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው መታወቂያውን የጻፈለት ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ጨዋታ መጣ!» ሲባል ሰው ወንበሩን ያስጠጋል፤ የተኳረፉ እንኳ ለጊዜው ይታረቃሉ። ቀልዱ ክፋት የለውም። በሰው መልክ፣ በሰው ማጣት አይቀልድም፤ የሚያላግጠው በገዛ ራሱ ላይ ነው። ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። በራሱ ላይ ሲቀልድ የኖረን ሰው ማንም የምሩን አይወስደውም፤ ሲታመምም፣ ሲከፋውም «ደግሞ ዛሬ ምን አመጣ!» ነው የሚባለው።

ሰውየውን አንጥራ የምታውቀው አንዲት ሰው ነበረች፤ ሚስቱ። ቀልዱ የበዛ ቀን፣ ሌላው ሰው በሳቅ ሲፈርስ፣ እሷ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ፊቱን እያየች «ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» ትለው ነበር። ስትሞትበት ያ ጥያቄም አብሯት ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ብሎ የጠየቀው የለም።

የቀብሯ ማግስት ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ እንኳን አላረፈም። «ማንኮራፋትህ አላስተኛኝ አለ እያለች ስታማርር ኖረች፤ ይኸው ጸጥ ያለ ቦታ አገኘች» አለ። ለቀስተኛው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ጥግ የተቀመጡ አንዲት ሴት ግን «ይሄ ሰውዬ አንጀትም የለው?» አሉ። አንጀቱማ ተበጣጥሶ ነበር። አፉን አንዴ ለለቅሶ ከከፈተው የሚዘጋ አልመስለው ስላለ ነው በቀልድ የደፈነው።

በዚያው ሳምንት የሚስቱ ታላቅ እህት መጡ። ነርስ ናቸው፤ ቆፍጣና፣ ያሉት ነገር የሚሆንላቸው፤ እሱም ሰፈሩም «እትዬ» ይላቸዋል። የአራት ዓመቷን ሕፃን እጅ ይዘው «አንተ እስክትረጋጋ እኔ ጋ ትሁን» አሉት። እምቢ ሊል ፈልጎ ነበር። ቃል አወጣለሁ ሲል ግን እንባ ሊቀድመው ሆነ። ስለዚህ እንደ ልማዱ «ይውሰዷት እትዬ፤ እኔም ራሴን የሚያሳድገኝ ሰው እያፈላለግኩ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። ልጅቱም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች፤ እየሳቀች ሄደች። «እስክትረጋጋ» የተባለው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።

ሳይጠይቅ ቀረ እንዳይባል ጠይቋል። በዓመቱ ሄዶ «እትዬ፣ አሁን ልጄን ልውሰዳት» አላቸው። እትዬ ሳቁና «ጸጉሯን ማን ሊሠራላት ነው? በስቱኮ ልትለጥፍላት?» አሉ። መስታወቱን ከመስኮቱ ጋር የሚያጣብቅበትን ነገር ማለታቸው ነው። እሱም አፉ አያርፍ፣ «በስቱኮማ ከሠራሁት ዝናብም አይፈታው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ጥያቄውም እዚያው ሳቁ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ።

ልጅቱ ስምንት ዓመት ሲሞላት ዳግመኛ ሞከረ። ያን ቀን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ የሚናገረውን አውቶቡስ ውስጥ እንደ ተማሪ ሲያጠና ነው የሄደው። በሩን የከፈቱለት የእትዬ ባለቤት ናቸው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ። ከረባቱን ሲያዩ «ኧረ ኑ እዩ! ጨዋታ ሚኒስትር ሆኖ መጣላችሁ!» ብለው ቤተሰቡን ጠሩ። አጨበጨቡለት። ቆሞ ያጠናውን ሲናገር እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሳቅ ተቀበሉት። ምን ያድርግ? ሲያጫውታቸው ቆየና፣ ሲመለስ ከረባቱን አውቶቡስ ውስጥ ፈትቶ ኪሱ ከተተው።

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄ ይታወቅላቸው። ልጅቱን ከወለዷቸው ለይተው አላዩአትም፤ ትኩሳት ሲይዛት ቁጭ ብለው ያደሩት፣ ትምህርት ቤት የተመላለሱት እሳቸው ናቸው። እሱንም ይወዱታል። የሚወዱት ግን እንደ ሬዲዮ ነው፤ ሲከፍቱት ደስ ይላል፣ ልጅ ያሳድጋል ብሎ ግን ማንም አያስብም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ቤት ይሄዳል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ይወጣል፤ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ትንፋሹን ይሰበስባል። ሳምንቱን ሙሉ የለቃቀመውን ወሬ ለልጁ ያራግፍላታል፤ ሚጡ ነው የሚላት። ትንሽ ሳለች፣ ሊወጣ ሲነሳ ሱሪውን ይዛ «አባዬ፣ ካንተ ጋር ልሂድ?» ትለው ነበር። እትዬ አልፈቀዱም ቢላት ከአሳዳጊዋ ጋር ሊያጣላት ነው፤ እሺ ቢላት ውሸት ነው። አፉ ላይ የመጣውን ቀልድ ጣል አድርጎላት፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወርዳል፤ መንገድ ላይ እንዳያለቅስ። አንድ ጊዜ ላይ ልጅቱ መጠየቋን ተወች። ለመደች፣ አለ በልቡ፤ ደስ ብሏት ነው፣ ቤቷ ሆነ። ሰው እሱን ሳያውቀው እንደ ፈረደበት ሁሉ እሱም በልጁ ላይ እንዲህ ፈረደ።

ናፍቆቱ ግን አይጣል ነው። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቷን የተሰባበሩ መስኮቶች እንዲገጥም ታዝዞ ሄደ። አንዱን አሮጌ መስታወት ነቅሎ ሲያወጣ በባዶው ፍሬም በኩል የሚያውቀው ድምፅ መጣ። ሚጡ ቆማ ታነባለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ጀርባዋን ነው ያየው፤ አንገቷ የእናቷ ነው። አዲሱን መስታወት ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ጠርዙን አለስልሶ ይዞታል፤ ግን ከገጠመው ድምፁ ይቋረጥበታል። ሁለት ሚሊ ሜትር ሰፋ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ጠበበ እያለ ያንን አንድ መስኮት ደወል እስኪደወል ድረስ ሲገጥም ዋለ። ዘበኛው አይቶት «ጨዋታ፣ ዛሬ ደግሞ ሥራ የማይችል ሰው መስለህ ልታስቀን ነው?» አለው።

አሁን እንግዲህ ሚጡ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ የትምህርት ዓመት ይቀራታል። ባለፈው ቅዳሜ የእትዬ ባለቤት ወደ ሩቅ ከተማ መዛወራቸውን አበሰሩት። ወር ሳይሞላ ቤተሰቡ በሙሉ ይሄዳል። «አንተን ማጣታችን ነው የሚቆጨኝ፤ ማን ሊያስቀን ነው?» አሉት። ከሳምንት አንዲት ከሰዓት ነበረችው፤ እሷም ልትሄድ ነው።

ሰኞ ለፍሬም ሠሪው «ልጄን ልጠይቃቸው ነው» አለው። ፍሬም ሠሪው መዶሻውን አስቀምጦ መሳቅ ጀመረ።

«የምሬን ነው» አለ ጨዋታ።

«እሱን ስትል እኮ ነው የምትገድለኝ! ፊትህን ደግሞ እንዲህ ታደርገዋለህ!»

ፊቱን ምንም አላደረገውም። ለዓመታት ሰው ሲያስቅ የኖረ ፊት ነውና፣ ሳይታዘዝም የከንፈሩ ጫፍ ቀልድ እንደሚጠብቅ ሰው ከፍ ይላል። እንግዲህ ፊት ካልታመነ፣ ድምፅ ካልታመነ፣ የቀረው ወረቀት ነው ብሎ አሰበ። ወረቀት አይስቅም፤ በወረቀት ላይም ማንም አይስቅም። ይሄንን ሲያስብ ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ለምን እስከ ዛሬ አልታየኝም ብሎ ራሱን ወቀሰ።

ከማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጨዋታን አያውቁትም። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው «አመልካች ማን ነው? የሚቀርበው ለማን ነው? ጥያቄህ ምንድን ነው?» አሉት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ሽማግሌው ሳይስቁ ሰሙት፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም «እሱን ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ታሪኩን ሳይሳቅበት የጨረሰው ያን ቀን ነው፤ ሽማግሌውን አቅፎ ሊስማቸው ምንም አልቀረውም። በሦስት ቅጂ ተጻፈለት፤ በሦስቱም ላይ ፈረመ።

ቅዳሜ የእትዬ ቤት ግማሹ በካርቶን ታሽጎ ነበር። ሦስቱን ቅጂ የያዘውን ፖስታ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«‹ለክብርት እትዬ፤ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ልጄን ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች የልጅቱ ወላጅ አባት ስሆን፣ ልጄ በአደራ ከተወሰደችበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ስለናፈቀችኝ...›»

ከዚህ በላይ ማንበብ አልቻሉም። ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ካርቶኑ ላይ ዘፍ አሉ። ባለቤታቸው ነጥቀው ቀጠሉ፤ «‹ያለ ማቋረጥ›! ‹በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ›! ደግሞ ግልባጭ አለው እኮ! ‹ግልባጭ፦ ለባለቤትዎ፤ ለልጅቱ›!» እንባቸውን በመጋረጃው ጠረጉ። «ማኅተም የለውም! ውድቅ ነው፣ ውድቅ!»

«አንተ ሰውዬ ትገድለናለህ» አሉ እትዬ ሆዳቸውን ይዘው። «ይሄንንስ በፍሬም አድርጌ ነው የምሰቅለው።»

ጨዋታ መሀል ላይ ቆሟል። ሚጡ የኩሽናው በር ላይ ነበረች። አልሳቀችም። ለእሷ የተጻፈውን ቅጂ ከእትዬ ባለቤት እጅ ወሰደች፣ እስከ ታች አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ከዚያ በሩን አላትማ ወጣች። ተከትሏት ወረደ።

በሁለተኛው ፎቅና በሦስተኛው መሀል ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«በፈለግከው ነገር ቀልድ» አለችው ሳታየው። «በዚህ ግን አትቀልድ፣ አባዬ። በዚህ አትቀልድ።»

«አልቀለድኩም።»

«በጽሕፈት መኪና አስጽፈህ! ግልባጭ ለልጅቱ!»

«ሚጡዬ፣ አልቀለድኩም።»

ቀና ብላ አየችው። ያ ፊቱ፣ ያ ከንፈሩ እንደ ልማዱ ከፍ ሊል ሲንቀጠቀጥ ተሰማው። ይሄኔ ዞሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። «ፊቴን አትይው፤ ያሳስትሻል» አለ። «ድምፄን ብቻ ስሚ። እናትሽ ከሞተች ጀምሮ አንቺን ያላሰብኩበት ቀን የለም። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሦስቴም ሳቁ።»

ከታች ሰው ገብቶ በር ሲቆልፍ ተሰማ።

«ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ካንተ ጋር ልሂድ ስልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?» አለች ሚጡ።

አያስታውስም። የተናገረውን ቀልድ ሁሉ ማን ያስታውሳል?

«ቤቴን አይጦች ተከራይተውታል፤ ሲለቁ እጠራሻለሁ አልከኝ። እኔ አመንኩህ እኮ። ላንተ የምሰጥህ ድመት ከጎረቤት ለምኜ ነበር፤ እትዬ ሲሰሙ ሳቁ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለቀቁ ወይ? እልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ፣ ኧረ ወለዱ! ትለኛለህ። ሰው ይስቃል። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አይጥ ቤት እንደማይከራይ ገባኝ። አባቴ እንደማይፈልገኝም ያኔ ገባኝ። ከዚያ ጠይቄህ አላውቅም።»

ጨዋታ ግድግዳውን በሁለት እጁ ተደግፎ ቆመ። አዋቂዎቹ እውነቱን ሲናገር ሲስቁበት ኖሩ፤ ልጁ ደግሞ ቀልዱን አምና አለቀሰችበት። በሁሉም በኩል የተነገረው እሱ ራሱ በአፉ ያለው ነው፤ ማንን ይክሰስ? ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ማመልከቻው ለእትዬ ነው» አለች ሚጡ። «እኔን ጠይቀኸኝ አታውቅም። አሁን ጠይቀኝ።»

ምላሱ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ነገር መጣ፤ ጥሩ ጥሩ ናቸው፣ ያስቋት ነበር። ሁሉንም ዋጣቸው።

«ከእኔ ጋር ኑሪ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

እጇን እጁ ላይ አደረገች። «ያኔ ብትለኝ ጫማዬን ሳላደርግ ነበር በዚህ ደረጃ የምወርደው» አለችው። «አሁን እንጃ። አንተን አለመፈለግ እኮ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኝ ነው የተማርኩት። ላስብበት።» ተነስታ ወደ ላይ ወጣች።

ሊሄዱ አሥር ቀን ነበር የቀረው። ጨዋታ እነዚያን አሥር ቀናት ዝም ብሎ ሠራ። ለካ፣ አሰመረ፣ ሰበረ፣ ገጠመ። ደንበኞቹ «ዛሬስ ምን አዲስ አለ?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ እነሱም «ዝም ብሎም ያስቃል እኮ!» ይባባላሉ። ሌት ተቀን የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ የእሷ ሻንጣ መኪናው ላይ ይጫን ይሆን?

በመሄጃቸው ጠዋት ሲደርስ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። ጎረቤቱ ሁሉ ለስንብት ወርዷል። የሚጡ አረንጓዴ ሻንጣ ከሁሉም በላይ ተጭኖ፣ በገመድ ታስሮ አየው። እሷም ከአጠገቡ ቆማለች። ስታየው ዓይኗን አላሸሸችም፤ ራሷን ብቻ በዝግታ ነቀነቀች። ገባው። በአሥር ቀን የአሥራ ሁለት ዓመት ነገር አይመለስም።

«በል እስቲ፣ ለመንገዳችን አንድ ጣል አድርግልን!» አሉ የእትዬ ባለቤት። ሰው ሰብሰብ አለ። ፊቶች ሁሉ ለመሳቅ ተዘጋጁ።

ጨዋታ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። «ልጄ ትናፍቀኛለች» አለ። «ዛሬ ብቻ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ናፍቃኛለች። አትውሰዱብኝ ነበር የምለው።»

እንደተለመደው በሳቅ ፈረሱ። ሾፌሩ እንኳን መሪውን ይዞ ሳቀ። አንዲት ጎረቤት «ውይ፣ ማዘን ሲያውቅበት!» ብላ በመዳፏ ጭኗን መታች።

«አትሳቁ!»

ሚጡ ነበረች። ድምፅዋ ሲወጣ ለእሷም ሳይከብዳት አልቀረም፤ እንደ ገና «አትሳቁ» አለች። «አባቴ እየቀለደ አይደለም። ቀልዶም አያውቅም።»

ሳቁ ባንድ ጊዜ አልቆመም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀነሰ ሄደ። እትዬ የመጨረሻዋን ካርቶን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቀረብ ብለው፣ እንደ ነርስነታቸው፣ ቁስል እንደሚያይ ሰው ፊቱን አዩት። እስከ ዛሬ ቀልድ የሚጠብቁበት ያ ከንፈር ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን እንደሆነ አሁን አወቁት።

«አንተ... ለምን አልነገርከኝም?» አሉት ቀስ ብለው።

«ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ፣ እትዬ።»

እትዬ በልባቸው ሲቆጥሩ ታየ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ማመልከቻው ተጠቅልሎ ከዕቃው ጋር ተጭኗል። ይቅርታ ሊሉት ፈልገው፣ ነጠላ ጫማው ላይ የተደፋውን አቧራ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጠረጉለት። እሱም ደንግጦ «ኧረ እትዬ!» ብሎ በክንዳቸው አነሳቸው።

ሚጡ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ትምህርቴን እዚያ ልጨርስ» አለች። «እትዬንም ባንዴ ጥያቸው አልቀርም፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።»

«እሺ።»

«ቤትህን አላውቀውም እኮ፣ አባዬ። አንድ ቀን ወስደኸኝ አታውቅም። ስንት ክፍል ነው?»

«ሁለት።»

«ሁለተኛው ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም» አለ። «ያንቺ ነው።»

አሥራ ሁለት ዓመት ብቻውን የሚኖር ሰው፣ አንድ ክፍል ባዶውን ይዞ። ሚጡ ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ «በእረፍቴ እመጣለሁ፤ ምንም እንዳታስገባበት» ብላው ሮጣ መኪናው ላይ ወጣች።

መኪናው ተነሳ። ጨዋታ መንገዱ መሀል ቆሞ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ በሰው ሁሉ ፊት ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ያችው ጎረቤት ከልማድ ፈገግ ልትል ጀመረችና ተወችው፤ ቀረብ ብላም «ና፣ ግቢው ውስጥ ቁጭ በል» አለችው።